ከመጋቢው ጋር የተቋጠርኩ ዕለት

እንጦጦ ላይ እኔን የሚያህል በረኛ አልነበረም። ይህን የምለው እኔው ነኝ፤ ሌላ የሚለው ሰው ስላላገኘሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዳዊት ቢሰጡኝ ገልብጬ ነው የምይዘው። ሰውን ግን ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ አነበዋለሁ እያልኩ ስኩራራ ኖሬያለሁ። ይህ ጉራዬ እንዴት እንደተሰበረ ራሴ ልናገረው፤ ሌላው ሲያወራው አሳምሮ ያወራዋል፣ እኔ እንዳለ አወራዋለሁ።

ንጉሡ ተራራው አናት ላይ ከተማ በቆረቆሩ በአምስተኛው ዓመት ነው። ከግቢው ወደ የካ በሚያወርደው ጎን፣ በጽድ አጥር የተከበበ አንድ ሰፊ ጎጆ ነበር። ዓይናቸው የጠፋ፣ እግራቸው የሰለለ፣ ጧሪ የሌላቸው ሴቶች አሥራ አንድ ሆነው ያድሩበታል። እህላቸው ከግቢ ይሰፈርላቸዋል። እህሉን ተቀብሎ የሚመግባቸው መጋቢ ወልደ ኢየሱስ የሚባል ሰው ነው፤ በሩን የምጠብቅ ደግሞ እኔ፣ ለተጊዮርጊስ።

ባሌ ሞቶ እርስቱን ወንድሞቹ ሲከፋፈሉት ይህን ሹመት ሲሰጡኝ፣ ራሴን ከደጃዝማች አላሳንስም ነበር። የወይራ በትር ይዤ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። «ወንድ የተባለ ከዚህ አጥር አያልፍም!» አልኩ፤ አላለፈም። ፍም ሊለምን የመጣ ዲያቆን አባርሬያለሁ። መንገድ የጠፋበት ወታደር በድንጋይ ሸኝቻለሁ። አንድ ጊዜ አውራ ዶሮ እንኳ አላስገባም ብዬ ሴቶቹ ሲስቁብኝ ውለዋል።

ከሁሉ የባሰ የምጠምደው ዱጋሳን ነበር። ዱጋሳ ከየካ ታች እንጨት በአህያ እየጫነ በሳምንት ሁለት ቀን የሚያመጣልን ሰው ነው።

«ከውጭ ጣል!» እለዋለሁ።

«እሜቴ፣ ከውጭ ከጣልኩት ማን ያስገባው? ያሉት ዓይነ ስውርና ሽባ ናቸው።»

«አንተን ምን አገባህ? ከውጭ ጣል አልኩህ!»

አንድ ቀን አጥር ውስጥ ላለችው ለጂቱ በኦሮምኛ ሰላምታ ሲሰጣት ሰማሁና ትከሻውን በበትሬ አቀመስኩት። ጂቱ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ በልጅነቷ ፈንጣጣ ዓይኗን ወስዶባት ከየካ የመጣች ናት። ዱጋሳ ትከሻውን እያሸ፣ «አህያዬን እንኳ እንደዚህ አልመታትም» ብሎ ሄደ። እኔ የዚያን ቀን እራቴን በደስታ በላሁ።

መጋቢው ግን ወንድ መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሲመጣ ከመቀመጫዬ እነሣለሁ፣ ጉልበት እስማለሁ፣ በሩን እስከ ጥጉ እከፍትለታለሁ። ጥምጣሙ ነጭ፣ ድምፁ ለስላሳ፤ አንገቱ ላይ በማተቡ ያንጠለጠላት የብር ኩክ ማውጫ ነበረችው። ሲመክረን ጆሮውን በእሷ እየቆረቆረ ነው፤ ተራራው ላይ የማያውቃት የለም። ምክር ሲረዝም አንዳንዶቻችን የምናየው እሷን ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ማክሰኞ አንዷን ሴት ወደ እህል ጎተራው ያስጠራል። «ምስር ትልቀምልኝ፤ ዓይን የሌላት ጣቷ ጠጠር አይስትም» ይላል። እውነትም ጣታቸው ጠጠር አይስትም። ጎተራው ከጎጆው ጀርባ፣ ሌላ በር ያለው ነው። ጠርታ የምትልከው ማን ናት? እኔ ነኛ! «ተነሺ፣ መጋቢ ጠርተውሻል፣ ነጠላሽን አስተካክይ!» እያልኩ እጃቸውን ይዤ እስከ ደጁ አደርሳለሁ፤ ከዚያ ወደ በሩ እመለሳለሁ፣ ወንድ እንዳይገባ ለመጠበቅ።

አንድ ማክሰኞ ጂቱ ሄዳ ወዲያው ተመለሰች። ግድግዳውን እየዳሰሰች፣ መቀነቷ ተፈትቶ፣ እየተንቀጠቀጠች።

«እማማ ለተጊዮርጊስ፣ መጋቢው…»

«ምን ሆኑ? ወደቁ?»

«በግድ ያዘኝ። እኔ እጮኻለሁ ስለው፣ ማን ያምንሻል አለኝ። ታግዬ ነው የወጣሁ። ሌሎቹንም…»

አላስጨረስኳትም። በጥፊ አልኳት። ይህንን ስናገር አሳጥሬ ማለፍ እችል ነበር፤ አላልፈውም። ይህ እጄ ነው የመታት። «የሚመግብሽን ሰው ስም ታጠፊያለሽ? አክብሮ ቢጠራሽ!» አልኳት። ጂቱ ጉንጯን ይዛ ዝም አለች። ሌሎቹ አሥሩ ሴቶች ጎጆው ውስጥ ነበሩ፤ እነሱም ዝም አሉ። እኔ ዝምታውን፣ አፈሩ ማለት ነው ብዬ ተረጎምኩት። ሰው አነባለሁ አላልኳችሁም?

በማግስቱ መጋቢው አንገቱን በነጠላ ሸፍኖ መጣ። «ለተጊዮርጊስ፣ ወንዝ ስወርድ ማተቤ ተበጥሶ ኩክ ማውጫዬ ጠፋች» አለኝ።

«ውይ! ውይ ጌታዬ! የቱ ጋ?»

ሁለት ቀን ሙሉ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር የእንጦጦ ውኃ ውስጥ እንደ እንቁራሪት ተንበርክኬ ድንጋይ እየገለበጥኩ ፈለግሁ። ጉልበቴ ዛሬም ክረምት ሲገባ ያችን ኩክ ማውጫ ያስታውሰኛል። ባጣት ጊዜ ደግሞ ለልቅሶዬ ብዬ ካስቀመጥኩት ሰማያዊ ሐር አዲስ ማተብ ገምጄ፣ በገዛ እጄ አንገቱ ላይ ቋጠርኩለት። «እግዜር ይስጥሽ» አለኝ። ሳምንት ሙሉ ለጎረቤት አወራሁት።

ወር አለፈና እንደገና ማክሰኞ ሆነ። መጋቢው ከጎተራው ደጅ ሆኖ፣ «ያቺን የየካዋን ላኪልኝ፤ ዛሬ ምስሩ ብዙ ነው» አለኝ።

ገባሁ። ጂቱ የጎጆውን ምሰሶ በሁለት እጇ አቅፋ ተቀምጣለች።

«ተነሺ።»

«አልነሣም።»

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ልትጣይኝ ነው?»

«ምሰሶውን ነቅለው ይውሰዱኝ።»

እጇን ላስለቅቅ ስታገል ጣቷ ከእኔ ጣት በለጠ፤ ደከምኩና አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ በቀስታ ጠየቀችኝ።

«እማማ፣ እርስዎ በሩን የሚጠብቁት ከማን ነው?»

«ከወንድ ነዋ! ከማን ልጠብቅ?»

«ታዲያ ያ ወንዱ ከውስጥ ነው። እርስዎ ፊትዎን ወደ ውጭ አዙረው ነው የተቀመጡት።»

ልቆጣ አፌን ስከፍት፣ የቀሚሷን ጠርዝ ስፌት በጥርሷ በጥሳ አንድ ነገር መዳፌ ላይ አኖረች።

«ወንዝ ውስጥ ሲፈልጉ ዋሉ አሉ። የዚያን ዕለት ስታገለው በእጄ ቀረች። ልሰጥዎት ነበር የመጣሁት፤ አላስጨረሱኝም።»

የብር ኩክ ማውጫዋ ናት። የተበጠሰው ማተብ ከነቋጠሮው ተጠምጥሞባታል።

ከጥግ በኩል አንዲት እግረ ሽባ አሮጊት፣ «እኛ እኮ የሚያውቁ መስሎን ነበር» አለች። ይህች ቃል ከጥፊ ትብሳለች። እያወቅሁ የምልካቸው መስሏቸዋል! እነዚያ ሴቶች እኔን የሚያዩኝ እንደ በረኛ አልነበረም፤ እንደ አቃጣሪ ነበር።

ተነሣሁ። መጋቢው ጎተራው ደጅ ላይ እግሩን ዘርግቶ ቆሎ ይቆረጥማል።

«የት አለች?» አለኝ።

«በንጉሥ አምላክ! እንዳትንቀሳቀስ!» አልኩና የነጠላውን ጫፍ ይዤ ከራሴ ነጠላ ጫፍ ጋር ሦስት ጊዜ ቋጠርኩት። እንግዲህ በአገራችን ሥርዓት እንዲህ የተቆራኘ ሰው ዳኛ ፊት ሳይደርስ አይፈታም። የፈታው ጥፋተኛ ነው። ዘንግቼው የነበረ አንድ ነገር ቢኖር ከሳሽም አብሮ መቋጠሩ ነው።

«ለተጊዮርጊስ፣ አሞሻል?»

«አንተን ነው የሚያምህ!»

አንተ ስለው ቆሎው ከእጁ ወደቀ። ጉልበቱን የምስም ሴት!

ቁጣዬ እስኪበርድ ድረስ ጠበቀና ለስላሳ ድምፁን አመጣ። «ስሚ፣ እኔ ከተነሣሁ እህሉን ማን ያወጣላችኋል? አሥራ አንዱም ጅብ ይበላቸዋል። በአንቺ ምክንያት።» ይህ ነገር እውነት ሊሆን ይችላላ። ቋጠሮውን አየሁት። እንዳልፈታው ያደረገኝ ጀግንነት አይደለም። በጣም አጥብቄው ነበር፤ ጥፍር አያስገባም።

ዳኛው ያን ሰሞን ወደ ፍልውሃ ወርደዋል ተባለ። ስለዚህ ቁልቁል፣ በጭቃው፣ ተቋጥረን ወረድን። እሱ ረጅም ነው፣ እኔ አጭር ወፍራም ነኝ፤ ሲራመድ እጎተታለሁ፣ ስቆም ይታነቃል። መንገደኛው ሁሉ ባልና ሚስት ለፍቺ የምንሄድ መሰለው።

«ምነው እማማ፣ በስተርጅና! ይታረቁ እንጂ!» አለች አንዷ እንስራ ያዘለች።

«እንዲህ ያለ ባል ከማገባ ገደል ልግባ!»

«ታዲያ ስንት ዓመት ኖረው አሁን ገባዎት?»

አራት ዓመት ነበር።

ግማሽ መንገድ ላይ ዱጋሳን አገኘነው፤ እንጨት ጭኖ ወደ ላይ ይመጣል። ቋጠሮውን አየ፣ ፊቴን አየ፣ አህያዋን አቆመ። እኔ ግን ከእሱ በቀር የምለምነው ሰው እንደሌለ ያን ጊዜ ታየኝ።

«አያ ዱጋሳ» አልኩት፤ አያ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። «ጂቱ ለዳኛ መናገር አለባት። እንዴት ትወርዳለች?»

ዱጋሳ የእንጨቱን ጭነት ገመድ ፈታና መንገዱ ዳር ዘረገፈው። «አህያዋ አለች» አለ። ከዚያ ጠየቀኝ፦ «አጥሩን ልለፍ ወይስ ከውጭ ልጣራት?»

«እለፍ! አፈር ልብላና እለፍ!»

ዳኛው ከአንድ ሾላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሰው ከቧቸዋል። ጂቱ በአህያ ደረሰች። መጋቢው ቀድሞ ተናገረ፤ ሲናገር ያምራል። «ጌታዬ፣ ይህች ዓይን የላትም፤ ያላየችውን ሰው ትከሳለች። ይህችም አሮጊት በሹመቴ ቀንታ ነው።»

ዳኛው ወደ ጂቱ ዞሩ። «ሳታይው እሱ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ጌታዬ፣ አራት ዓመት በየቀኑ ሲመክረን ሰምቼዋለሁ። ድምፁን ካላወቅሁ ምክሩን አልሰማሁም ማለት ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ኩክ ማውጫዋን አወጣች። ዳኛው ከነማተቡ ተቀብለው አገላበጧት፤ ከከበበው ሰው ውስጥ ሦስት አራቱ፣ «የእሱ ናት!» አሉ።

«ወንዝ ጣልኳት እኮ!» አለ መጋቢው። «አግኝታት ይሆናል። ለተጊዮርጊስ ራሷ ወንዝ ስትፈልግ ውላለች፤ ትመስክር! ደግሞስ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ ይህች በረኛ ወር ሙሉ ምን ስትል ዝም አለች?»

ዳኛው እኔን አዩኝ። «እሱስ ያስጠይቃል። ልጅቱ ነግራሽ ነበር?»

አለመንገሯን ብናገር ክብሬ ይተርፋል፤ የጂቱ ነገር ግን ይበላሻል፤ ወር ቆይታ የፈጠረችው ይሆናል። ሰው ሁሉ አፌን ያያል። ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደዚያ ቀን አፌ ከብዶኝ አያውቅም፤ የሚያውቀኝ ያውቃል፣ አፌ አይከብድም።

«ነግራኛለች፤ በዚያው ዕለት፣ ገና እየተንቀጠቀጠች። በጥፊ መታኋት። በማግስቱ ይህ ሰው ማተቡ ተበጥሶ አንገቱን ሸፍኖ መጣ፤ ኩክ ማውጫዬ ወንዝ ውስጥ ጠፋች አለኝ፣ አመንኩት፣ ውኃ ውስጥ ተንበርክኬ ፈለግሁለት። አሁን አንገቱ ላይ ያለውን ሐር የገመድኩት እኔ ነኝ፤ ቋጠሮው የእኔ ነው፤ ይኸው ከነጠላችን ቋጠሮ ጋር አስተያዩት፣ ሌላ መቋጠር አላውቅም። ልጅቱ አልዋሸችም። ዝም ያልኩት ሞኝ ስለሆንኩ ነው ጌታዬ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«ሞኝስ ነሽ» አሉ ዳኛው። ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ በዚህኛው እኔ ላይ ነው፤ ይገባኛል። ዳኛው ግን አልሳቁም። ሌሎቹ ሴቶች ቃላቸውን እስኪሰጡ ድረስ መጋቢው በእግር ብረት ይቆይ አሉ። ለእኔ ዋስ ጥሪ ሲሉኝ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመድሽ ነን ባይ መሃል የወጣ ዱጋሳ ብቻ ነበር፤ ትከሻውን እያሸ።

ቋጠሮውን ለመፍታት ሁለት ሰው ፈጀ።

ሴቶቹ ቃላቸውን ሰጡ፤ መጋቢውም ወደ ጎጆው አልተመለሰ። እህሉም አልቀረም። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አጥሩ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሴቶቹ እየዳሰሱ ይሰፈር ጀመር። ጎተራው ፈረሰ። ሴቶቹ ተሰብስበው፣ በሩን ከውስጥ የምንይዝ እኛ ነን አሉ። ዓይን ባይኖራቸውም፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ በተራ። እኔን አላባረሩኝም። «ከውጭ ይቀመጡ» አሉኝ፤ እዚያው ጽዱ ሥር።

በሐምሌ አንድ ቀን ዝናብ መታኝና አጥሩን አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች ጂቱ።

«እኔ ነኝ።»

«እጅዎን ያስገቡ።»

በአጥሩ ቀዳዳ እጄን አስገባሁ። ዳሰሰችው፤ መዳፌ ላይ ቆየች። የትኛው እጅ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«እርስዎ ነዎት። ግን ብቻዬን ነኝ፤ ሁለተኛዋ እስክትመጣ ይጠብቁ። ብቻችንን ሆነን ለማንም አንከፍትም።»

«በሰበስኩ እኮ! እኔን ነው?»

«ለማንም» አለች።

በትሬን ተደግፌ ቆምኩ፤ ውኃው በጀርባዬ ይወርዳል። ያን ጊዜ ዱጋሳ እንጨቱን ጭኖ ደረሰ፤ አህያዋን አቆመና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«እሜቴ» አለ፣ «ዛሬ ደግሞ እርስዎን ከውጭ ጣሉዎት?»