ሲጨምሩት የሚጠፋው ሬድዮ

የእኔን ሬድዮ የሠራው ሰውዬ እጁ ይቆረጥ። የሰው ሬድዮ ድምፁን ሲቀንሱት ሲቀንሱት ነው ቀጭ ብሎ የሚጠፋው። የእኔ ጉደኛ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ሲጨምሩት ሲጨምሩት መጨረሻው ላይ ድርግም ይላል። ማጥፋት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ሰፈሩን ማደንቆር አለበት። ባሌ ቱሉ ከመርካቶ ገዝቶት ሲመጣ ለሻጩ መልስለት ብዬው ነበር፤ የባትሪ ድንጋይ አይበላም ብሎ አስቀረው። እኔም ማለፍ የሌለበት ቦታ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌበት፣ ከነዓመሉ ተላምደነው ኖርን።

ነገሩ የሆነው በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ላይ ነው። ከልደታ ማርያም ጀርባ፣ ከወይንሀረግ ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርተን እንኖራለን። ባሏ ሞቷል፤ ያሏት ሁለት ወንዶች ልጆች ናቸው። ትንሹን ዋቅሹማን ቀበሌ ካሰረው አምስተኛ ቀኑ ነው። ትልቁ ሙለታ ከቤት ከጠፋ ወር አልፎታል። የዚያን ዕለት ረፋድ ላይ ከገበያ ስትመለስ አንድ የምታውቀው ሰው አቆማትና፣ ሙለታን ሜክሲኮ አጠገብ ተገድሎ፣ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት እንዳየው በጆሮዋ ነገራት።

በዚያ ክፉ ዘመን እንዲህ ለሞተ ልጅ አይለቀስም። ድንኳን አይጣልም፣ ጥቁር አይለበስም። ለቅሶ ከተሰማ አብዮት ጥበቃዎች ሰተት ብለው ይገባሉ። እሷ ደግሞ ካለቀሰች የአናርኪስት እናት ትባልና ዋቅሹማም ወንድሙን ይከተላል። ይህን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ስለዚህ እኔ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ሬድዮውን ክፈቺልኝ አለችኝ።

ከፈትኩላት። የሰልፍ ዘፈን ነበር፣ ከበሮው ይደልቃል። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አልጋዬ ላይ ተደፋች። መጀመሪያ ሲቃ ብቻ ነበር። ቆይቶ "ሙሌ፣ የእኔ አባት" ማለት ጀመረች። ድምፅዋ ከፍ ሲል እኔም ቁልፉን ከፍ አደርጋለሁ። እሷ ከፍ፣ እኔ ከፍ። ዓይኔ እሷ ላይ ነው፣ ምልክቱን ማን ያያል? ነጠላው ከአፏ ወጥቶ ስትጮህ፣ ልሸፍናት ብዬ ቁልፉን አንዴ ጠመዘዝኩት። ሬድዮው ቀጭ ብሎ ጠፋ።

ጩኸቷ ብቻውን ቀረ። እኔን አፈር ይብላኝ።

አብዮት ጥበቃው ለመምጣት ጊዜ አልፈጀበትም። የሰፈራችን ልጅ ነው፣ የወይንሀረግን ቅንጬ እየበላ ያደገ። ማን ነው የጮኸው አለ። የሬድዮ ድራማ ነው አልኩት። ሬድዮውን ቀረብ ብሎ አየውና ሳቀ። ወንድሜ ሞቶብኝ ያለቀስኩት እኔ ነኝ ብል ምን ነበረበት? ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ፈራሁ።

"እትዬ ወይንሀረግ፣ ማን ሞቶብዎት ነው?" አላት።

"ማንም አልሞተብኝ።"

"እንግዲያው የደስታ ነዋ። የደስታ ከሆነ ቀበሌ ይምጡና ጓዶችም ይስሙት።"

ክንዷን ይዞ ወሰዳት፤ እኔም ከኋላ ተከተልኩ። የቀበሌው ግቢ መሀል አቁሞ እልል ይበሉ አላት። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና እልል አለች። ሦስት ጊዜ። አልበቃው ብሎ አምስት አስጨመራት። እስረኞቹ የታጎሩት እዚያው፣ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው።

በሦስተኛው ቀን ዋቅሹማን ለቀቁት። ወይንሀረግ ምሳ ሠርታ ጠበቀችው። በር ላይ ልታቅፈው ስትል እጇን ቀስ አድርጎ አወረደው። እስር ቤት ሆኖ የወንድሙን መሞት ሰምቶ ኖሮ፣ የቀበሌው ግቢ ውስጥ የቆመች ቀን የሙሌን መሞት ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። አውቃለሁ አለችው።

ጣልቃ ገባሁ። አንተን ለማትረፍ ብላ ነው፣ ለቅሶዋን ያሰማሁባት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት።

"ገብቶኛል፣ እትዬ ዲንቄ" አለኝ። "ግን እልልታዋን ሰምቻለሁ።"

ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፣ ምሳውን ሳይነካ አክስቱ ቤት ሄደ። እናቱ ደጃፏ ላይ ቆማ እስኪታጠፍ አየችው። ያኔም ማልቀስ አልቻለችም፤ ያ አብዮት ጥበቃ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያየን ነበር።