አሥራ አንድ ጊዜ ሃያ

ነርሶቹ ከኋላዬ «ሲስተር ደቂቃ» ይሉኛል። አውቃለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «ትንፋሽ የሚቆጠረው አንድ ሙሉ ደቂቃ ነው» ስትል የኖረች ሴት ሌላ ምን ትባል? ስሙን አልጠላሁትም። የጠላሁት ስሙን ይዘው ሥራውን መተዋቸውን ነው።

ያን ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥልጠና አዳራሽ የገባሁት ቆሽቴ አርሮ ነበር። በብብቴ የያዝኩት የአንዲት የሞተች ሴት ቻርት ነው። ልብስ ሰፊ ነበረች፣ የሁለት ልጆች እናት። ትርፍ አንጀቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላት አራተኛ ዋርድ ተኛች፤ በሦስተኛው ቀን ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቶ ሞተች። እንዲህ ያለው ነገር ሳያስጠነቅቅ አይመጣም። የደም ግፊቱ ገና ደህና መስሎ ሳለ ቀድሞ የሚፈጥነው ትንፋሽ ነው። የእሷ ቻርት ላይ ግን ትንፋሽ በሚለው መስመር በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል፤ አሥራ አንዱም ሃያ ነው። ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ። መንታ ልጆች እንኳን እንዲህ አይመሳሰሉም።

ባልየው አስከሬኗን ሊወስድ የመጣ ቀን ኮሪደር ላይ አገኘኝ። «ሲስተር፣ እኔ አልተማርኩም፤ ግን ስታለከልክ አይቻታለሁ። እናንተ አላያችሁም?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያገኘሁትን ነርስ ሁሉ ስቆጣ ከረምኩ።

ሥልጠናውን ያዘዘችኝ ሜትሮኗ ናት። የነርሶች ሁሉ አለቃ፣ የእኔ ደግሞ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ። ረቡዕ ቢሮዋ አስጠርታኝ በሩን ዘጋችው።

«ነገ አራተኛ ዋርድን አሠልጥኚልኝ። ርዕሱን ታውቂዋለሽ። አቴንዳንሱ ላይ ግን ቀኑን ያለፈው ወር መጀመሪያ አድርጊው» አለችኝ።

«ለምን?»

«አርብ ኮሚቴ ይቀመጣል። ልጅቷ ሳትሠለጥን ከሆነ ያጠፋችው፣ ጥፋቱ ወደ እኛ ይዞራል። ሠልጥና ከሆነ ግን የራሷ ጉዳይ ነው። ቀን ብቻ ነው እኮ እህቴ፣ ምን ይከብድሻል?»

ልጅቷ ያለቻት የዋርዱን የመጨረሻ ታናሽ ነርስ ነው፤ ሁሉም «ትንሿ» ይላታል። ከአሥራ አንዱ ሃያዎች የመጨረሻዎቹን አራቱን የጻፈችው እሷ ናት። ኮሚቴው ከፈረደባት ከሥራ መባረሯ ብቻ አይደለም፣ የሙያ ፈቃዷም ይነጠቃል። እውነቱን ልናገር፤ ረቡዕ ዕለት አላሳዘነችኝም። ቀን መዋሸቱ ከነከነኝ እንጂ ለእሷስ እሰይ፣ ይበላት ነው ያልኩት። «አስብበታለሁ» ብዬ ወጣሁ።

አዳራሹ ውስጥ አሥራ አራት ነርሶች ተቀምጠዋል። ገሚሶቹ አዳር ሠርተው የወጡ ናቸው፣ ዓይናቸው ቀልቷል። ፕሮጀክተሩን አጠፋሁት።

«ዛሬ ስላይድ የለም። ጎን ለጎን የተቀመጣችሁ አንዳችሁ የሌላችሁን ትንፋሽ ቁጠሩ። አንድ ሙሉ ደቂቃ። ግማሹን ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የለም፣ ሽንኩርት እየሸጥን አይደለም።»

ደረቴ ላይ የተንጠለጠለውን ሰዓት ያዝኩ። የተመረቅኩ ቀን አባቴ የሰጠኝ፣ በመርፌ ቁልፍ ልብስ ላይ የሚያዝ የነርስ ሰዓት ነው፤ እንደ እኔ አርጅቷል፣ እንደ እኔም አይሳሳትም። «ጀምሩ» አልኩ፤ ደቂቃው ሲሞላ «በቃ»። አሥራ አራት አሉ፣ አሥራ ሰባት አሉ፣ አሥራ ሁለት አሉ።

«ሃያ ያገኘ አለ?»

አንድም እጅ አልወጣም።

«ታዲያ አራተኛ ዋርድ የተኛው ሰው ሁሉ ሃያ የሚተነፍሰው ተማምሎ ነው?» ቻርቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። «ይህቺ ሴት በእስክሪብቶ ነው የሞተችው። አንቺ፣ ተነሺ! ይሄ ፊርማ የማን ነው?»

ትንሿ ተነሳች። «የኔ ነው።»

«ቆጥረሽ ነው የጻፍሽው?»

እንባዋ ቀደማት።

«ማልቀስ መቁጠር አይሆንም» አልኳት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ዛሬም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን አንጀቴ ቅቤ የጠጣ ነበር የመሰለኝ። «ተነሱ፣ ሁላችሁም! ወደ ዋርድ!»

አራተኛ ዋርድን ከረገጥኩ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አሠልጣኝ ሲያደርጉኝ ቢሮ ሰጡኝ፣ ቢሮው ሪፖርት ወለደ፣ ሪፖርቱ ስብሰባ ወለደ፣ እኔም በዚያው ቀረሁ። በሩ ላይ «ስልክ እዚህ ይቀመጥ» የተባለበት ካርቶን አለ፤ ነርሶቹ ሲያልፉ ስልካቸውን እያወጡ ጣል አደረጉ። አየሁ፣ ልብ ግን አላልኩም።

ሰባተኛ አልጋ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር ተኝተዋል። የሽንት መስመር ኢንፌክሽን፣ ሁለተኛ ቀናቸው። ቻርታቸው ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ ይላል።

«ምነው ተሰልፋችሁ መጣችሁ? ልሞት ነው እንዴ?» አሉ።

«ኧረ አባባ፣ ልንማርብዎ ነው» አልኳቸው።

«ተማሩብኝ። ለሌላ ነገርማ መች ሆንኩ» አሉና ትንፋሽ አጠራቸው።

«ቁጠሪ!» አልኳት ትንሿን። እጇን ደረታቸው ላይ አደረገች። ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች፣ እዚያው ፈዛ ቀረች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ሰዓት የለም ሲስተር።»

ዓይኔ ዓይኗን ተከተለ። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ የግድግዳው ሰዓት ግን አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ቆሟል። አቧራው እንደ ጨርቅ ለብሶታል።

«የእጅ ሰዓትሽስ?»

ባዶ እጆቿን ዘረጋችልኝ። «ከክርን በታች ምንም እንዳይደረግ እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። ኢንፌክሽን ያስተላልፋል ብለው።»

«ስልክሽስ?»

በጣቷ የበሩን ካርቶን አሳየችኝ። ከኋላዬ አንዷ ነባር ነርስ ጣልቃ ገባች። «የልብ ምቱን ጣት ላይ የምንሰካው መሣሪያ ይነግረናል፣ ሲስተር። ትንፋሽ የሚነግረን ግን የለም። ይሄ ሰዓት ከቆመ ሰባት ወሩ ነው፤ ሦስቴ ጽፈን ጠይቀናል።»

ወደ ትንሿ ዞርኩ። «ልብስ ሰፊዋ የባሰባት ቀን ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ሰከንዱን በልቤ፣ ትንፋሿን በጣቴ ቆጠርኩ» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። «ሠላሳ ሁለት መጣልኝ። ስደግመው ሃያ ስድስት። ተምታታብኝ። ለዋርድ ኃላፊዋ ስነግራት 'በልብ ተቆጥሮ ለሐኪም አይነገርም፤ ሌሎቹ ምን ብለው ጻፉ?' አለችኝ። ሌሎቹ ሃያ ነበር ያሉት።»

ሠላሳ ሁለትም ሆነ ሃያ ስድስት፣ ሁለቱም ሐኪም የሚያስጠሩ ነበሩ። ልጅቷ አይታታለች። ባልየውም አይቷታል። ሰዓቴን ከደረቴ ነቅዬ በእጇ አስጨበጥኳት። ቀዝቃዛ እጅ ነበራት።

«አሁን ቁጠሪ፣ የኔ ልጅ።»

አንድ ሙሉ ደቂቃ ሰዓቱን እያየች ቆጠረች። «ሠላሳ አራት» አለች፤ ደግማም «ሠላሳ አራት!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ያስተማርኩት ነገር የለም፤ ሥራ ነበር። አንዷ ኦክስጅን ሰካች፣ አንዷ ደም ቀዳች፣ አንዷ ሐኪም ጠርታ መጣች። መድኃኒቱ በደም ሥራቸው መግባት ሲጀምር ገና አንድ ሰዓት እንኳን አልሞላም ነበር። ሾፌሩ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲወሰዱ «ፍሬን አትያዙ!» ይሉ ነበር።

እኔ ግን ስወጣ በሩ ላይ፣ ካርቶኑ ፊት ቆምኩ። ስልክ ዋርድ እንዳይገባ በተወሰነበት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። «ልጆቹ ስልካቸው ላይ ተጥደው ይውላሉ» ብዬ ከሁሉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የእጅ ሰዓቱን ያስወለቅኩትም እኔ። በምን ትቆጥራላችሁ ብዬ አልጠየቅኩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው ስሰድብ የከረምኩት እኔ።

ወንበር አስጠግቼ የቆመውን ሰዓት ከግድግዳው አወረድኩት። እንደታቀፍኩት ሄጄ ሜትሮኗ ጠረጴዛ ላይ፣ ወረቀቷ መሀል አስቀመጥኩት።

«ቀኑን አልቀይርም» አልኳት።

አቧራውን ከወረቀቷ ላይ በጣቷ ጠረገች። «እንግዲያው አርብ አንቺም ትጠየቂያለሽ።»

«ልጠየቅ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ይብቃን።»

«ሁልጊዜ እንደ ተማሪ ነሽ» አለችኝ። በሩን የዘጋሁት በእርግጫ ነው።

አርብ ኮሚቴው ተቀመጠ፤ ሰብሳቢው ሽማግሌ ቀዶ ሐኪም፣ የፋርማሲው ኃላፊ፣ የአስተዳደሩ ሰው፣ የሆስፒታሉ ጠበቃ፣ አምስተኛዋ ሜትሮኗ። ትንሿ በሩ አጠገብ፣ ወንበር ቢሰጧትም ቆማለች።

«ይህቺ ነርስ ትንፋሽ መቁጠር ሠልጥናለች?» አሉኝ ሰብሳቢው።

«ትናንት ነው የሠለጠነችው። አቴንዳንሱ ይኸው፣ ቀኑም የትናንት ነው። ያለ ሰዓት እንድትቆጥር ግን ማንም አላስተማራትም። ሰዓቱን ከእጇ ያስወለቅኳት እኔ፣ ስልኳን ለማስቀረት መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ። ይመዝገብ።» ከዚያ የአራተኛ ዋርድን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። «አሁን ስልካችሁንና ሰዓታችሁን እዚህ አስቀምጡልኝ። የእኔን ትንፋሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩና በወረቀት ጻፉ።»

ጠበቃው ሳቀ፤ ሰብሳቢው ግን ሰዓታቸውን ፈተው ጣሉ። ሌሎቹም ተከተሉ። ፊታቸው ቆምኩ። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም፣ ደረቴ እንደ ወናፍ ይነፋ ነበር። ሰብሳቢው በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ቆጠሩ። ጠበቃው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ መሀል ላይ ጠፍቶበት ከአንድ ጀመረ። ሜትሮኗ ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም። ከዚያ ሁሉም በየተራ በቃኝ እያሉ ጻፉ።

ሰብሳቢው ወረቀቶቹን እየገለጡ አነበቡ። የራሳቸው አርባ አንድ። የፋርማሲው አሥራ አምስት። የአስተዳደሩ ሠላሳ ሦስት። የጠበቃው ሃያ ሁለት፣ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት ያለበት። የሜትሮኗ አራት ቦታ ታጥፏል። ፈቱት፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ደግመው አዩት።

«ሃያ» አሉ ቀስ ብለው።

ትንሿን አየኋት፤ አላለቀሰችም። የልብስ ሰፊዋን ቻርት ከቦርሳዬ አውጥቼ ወረቀቱ አጠገብ ዘረጋሁት።

«አሥራ ሁለተኛው ነው» አልኳቸው።