በእሳቱ ሰ

አለቃችን ማሽኑ የገባ ዕለት ከጎኑ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ያነሣሁት እኔ፣ ጸሐፊዋ ነኝ። ከእንግዲህ የሠራተኛ ፋይል የሚፈልገው ማሽኑ ነው፣ መዝገብ ቤቱ በሦስት ወር ውስጥ ይዘጋል አለ። መዝገብ ቤቱ ማለት እትዬ ናቸው። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል።

ሰውዬው ሰ እና ሠን አይለይም። አለመለየቱ ሳያንስ ይኮራበታል፤ "ያው አይደል?" ይላል። ማሽኑ ዘንድ ግን ያው የለም። አንዲት ፊደል ከተለየች ሰውን ከነነፍሱ ይክዳል። ዘበኛው ለልጁ ሠርግ ፈቃድ ቢጠይቅ "እንዲህ ያለ ሠራተኛ የለም" አለው። አለቃ ተብዬውም ማሽን አይሳሳትም፣ ሂድና ስምህን አስተካክል ብሎ ሃያ ዓመት በሩን የጠበቀለትን ሰው መለሰው። እትዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ ገብተው ፋይሉን ጎትተው አመጡ።

"ይሄ በሐመሩ ሐ ነው። በሃሌታው ጽፋችሁ ስትፈልጉት ከየት ይምጣ?"

ምስጋናው ምን ሆነ? የእትዬን ስንብት ጻፊ አለኝ።

ጻፍኩ። የእሳቸው ስም በእሳቱ ሰ ነው፤ ሆን ብዬ በንጉሡ ሠ መታሁት። ሳያነብ ፈረመ፤ መቼ አንብቦ ያውቃል! ማሽኑም ከዝርዝሩ ሊያወጣቸው ቢፈልግ "እንዲህ ያለ ሠራተኛ የለም" አለ። ከዝርዝሩ ያልወጣ ሰው ሥራው ላይ ነው፤ ደንቡን ያወጣው ራሱ አለቃው ነው። ሣቄን ዋጥ አድርጌ ደብዳቤውን ላክሁላቸው።

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤው በአለቃው በኩል ተመለሰ። ሠ በቀይ እስክሪብቶ ተከባለች፤ በላይዋ ሰ ተጽፋለች። ሰውዬው ማባረሪያዋን ራሷ አረመችልን ብሎ እስኪያስለው ሣቀ። ያን ሣቁን መቼም አልረሳለትም።

ወርጄ ተቆጣኋቸው። ታላቅ ሰው እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። ሆን ብዬ ነው፣ ለእርስዎ ብዬ ነው አልኳቸው።

"ገብቶኛል፣ ልጄ" አሉኝ፣ መሳቢያውን እየቆለፉ። "ሠላሳ ዓመት የሰው ስም ሳቃና ኖሬ፣ የራሴ ተጣሞ እያየሁ ልለፈው?"

ወጥቼ እንደገና መታሁት፣ በእሳቱ ሰ።

ያ ግዑዝ በሦስት ወር ውስጥ አንድ ሰው እንኳ በመጀመሪያው ፍለጋ አግኝቶልን አያውቅም። እሳቸውን ወዲያው አገኛቸው።