የአቶ ክሎሪን አፍንጫ

ሰውየው በከተማው የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ክሎሪን ሲጨምሩ ኖረው አምና ጡረታ ወጡ። ባልደረቦቻቸው ያወጡላቸው «አቶ ክሎሪን» የሚለው ስም ግን ቤት ድረስ ተከትሏቸው መጣ። ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም ይኮሩበታል። እሳቸው በነበሩበት ዘመን አንዲት ባክቴሪያ ከነሕይወቷ ቧንቧ ውስጥ አልገባችም።

ባለቤታቸው ደግሞ ዘንድሮ ጡረታ የወጡ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናቸው። የመጨረሻዎቹ ተማሪዎቻቸው በስንብቱ ቀን አንዲት ብርቱካናማ ዓሣ በብርጭቆ ማሰሮ ሰጥተዋቸው ነበር። ዓሣዋ አደገችና ማሰሮው ጠበባት። ሰሞኑን ውኃው አናት ላይ ተንጠልጥላ አፏን ስትከፍት ስትዘጋ ትውላለች። መምህርቷ በየጠዋቱ ወደ ሳሎን የሚገቡት ልባቸው እየፈራ ነው።

«ይቺ ከሞተችብኝ ልጆቹን ያን ጊዜ ነው የምሰናበታቸው» አሉ አንድ ቀን። አቶ ክሎሪን ወዲያው ወጥተው ትልቅ የመስታወት ገንዳ ከነማጣሪያውና ከነማሞቂያው ገዙ።

«አባባ፣ ዓሣዋን ዛሬውኑ እንዳያስገቧት» አለቻቸው ሻጯ። «መጀመሪያ ቆንጥረው የዓሣ ምግብ ይጣሉበትና ይበስብስ። አሞኒያ ይወጣዋል፤ መርዝ ነው። ከዚያ ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ባክቴሪያ ይራባና አሞኒያውን እየበላ ናይትራይት ያደርገዋል። እሱም መርዝ ነው። ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ደግሞ ያንን በልቶ እምብዛም የማይጎዳ ነገር ያደርገዋል። አንድ ወር ቢፈጅ ነው።»

«ባክቴሪያ ላራባ? እኔ?»

«እርስዎ።»

ዕድሜ ልኩን ሌባ ሲያባርር የኖረ ዘበኛ ለሌባ አልጋ አንጥፍ እንደተባለ ሆነባቸው። ቢሆንም ነገሩ ጉጉት አሳደረባቸው። ውኃው ውስጥ ያለውን መርዝ በቀለም የሚያሳይ መመርመሪያ ጠብታ ገዙ፣ ደብተር አዘጋጁ፣ በየቀኑ እየለኩ መጻፍ ጀመሩ።

አሞኒያው በሳምንቱ መጣ፤ መመርመሪያው አረንጓዴ ሆነ። ናይትራይቱ ግን የለም። ሦስት ሳምንት አለፈ፣ የለም። አምስት ሳምንት ሞላ፣ አሁንም የለም። ማሞቂያውን ጠረጠሩ፤ ደህና ነው። ጠብታው አርጅቶ ይሆናል ብለው ሌላ ገዙ፤ ያው ነው። ገንዳውን ከመስኮቱ አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት። ሁሉን ሲጠረጥሩ ውኃውን ብቻ አልጠረጠሩም። የገዛ ውኃቸው ነዋ!

ዓሣዋ ደግሞ አንድ ቀን ምግብ አልበላም አለች። መምህርቷ የተረፈውን ምግብ በማንኪያ እየለቀሙ አወጡት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳቸው ስፖንጁን አውጥተው ወጥ ቤት ውስጥ ከቧንቧው ሥር ያጥቡ ጀመር። በየቀኑ ነው የሚያጥቡት፤ ንጽሕና ማለት ለእሳቸው ነፍስ ነው። መምህርቷ በበሩ ብቅ አሉና አፍንጫቸውን ያዙ።

«ኤጭ! ዛሬስ ቧንቧው ክሎሪን ክሎሪን ሸተተ!»

አቶ ክሎሪን ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ምንም የለም። እጃቸውን አሸተቱ፤ ምንም።

«እኔ አይሸተኝም።»

«እንዴት አይሸትህም? ታዲያ የዓሣዋን ውኃ ባልዲ ውስጥ የማሳድረው ለምን ይመስልሃል?»

አቶ ክሎሪን መስኮቱ ሥር ወዳለው ክዳን አልባ ባልዲ ዞሩ። ስንት ወር አይተውታል! «የእናንተ የመምህራን ልማድ መስሎኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«ሽታው እስኪለቀው ነው እንጂ። ሠላሳ ዓመት ከሸሚዝህ ያጠብኩት እኮ ይኸው ሽታ ነው።»

«ምነው ታዲያ አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝ?»

«ክሎሪን ክሎሪን እንደምትሸት? የምታውቅ መስሎኝ ነዋ!»

ሰውየው ስፖንጁን እንደያዙ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። በየቀኑ ለመራባት የሚፍጨረጨሩትን ባክቴሪያዎች በየቀኑ በቧንቧው ክሎሪን በገዛ እጃቸው ሲፈጁ ከርመዋል። አፍንጫቸው ከእሳቸው ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። አፈሩ። ሆኖም ከእፍረታቸው ሥር ያ ጉጉት ብቅ አለ፤ መቼ ይሆን መሽተት ያቆመው?

በማግሥቱ ሱቁ ሲከፈት በር ላይ ነበሩ።

«ልጄ፣ ቆሻሻ ስፖንጅ አለሽ? በደንብ የቆሸሸ?»

ሻጯ እየሳቀች ከአሮጌ ገንዳ ማጣሪያ ላይ ቡናማ ጭቃ የመሰለ ቁራጭ ቆርጣ ከነውኃው በፌስታል ሰጠቻቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባክቴሪያ የገደሉት ሰው ባክቴሪያ መንገድ ላይ እንዳይሞትባቸው ፌስታሉን በኮታቸው ሸፍነው፣ ሰላምታ እንኳ ሳይመልሱ ወደ ቤታቸው ከነፉ።

ገንዳውን ባደረ ውኃ ሞሉት፣ የዓሣ ምግብ ቆንጥረው ጣሉበት፣ ቁራጩን ከማጣሪያው ስፖንጅ ጎን አስገቡት፤ ስፖንጁን ከዚያ ወዲያ አልነኩትም። በአራተኛው ቀን የናይትራይቱ መመርመሪያ ሐምራዊ ሲሆን ጮኸው መምህርቷን አስደነገጧቸው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሁለቱም መርዞች ጠፉ። ዓሣዋ ገንዳው ውስጥ ስትገባ ለአፍታ ቆመች፤ ከዚያ ከዳር እስከ ዳር ዋኘች። መምህርቷ አለቀሱ፤ መሐረብም አልፈለጉም።

ከዚያ ወዲህ አቶ ክሎሪን የገንዳውን ውኃ ከመቀየራቸው በፊት ባልዲውን ይዘው ወደ መምህርቷ ይመጣሉ።

«እስቲ አሽትቺልኝ።»

አንዳንዴ «ገና ነው» ይባላሉ፤ መልሰው መስኮቱ ሥር ያስቀምጡታል። አንድ ጠዋት ግን መምህርቷ ባልዲውን አሸተቱና ቀና ብለው የባላቸውንም ኮሌታ አሸተቱ።

«ከባልዲው ለቋል» አሉ። «ካንተም ለቋል።»

«እፎይ በያ ታዲያ!»

መምህርቷ ኮሌታውን አልለቀቁም።

«ለምጄው ነበር» አሉ።