የኋላ ወንበር ረባሽ

በሚኒሶታ በሚገኝ አንድ ትንሽ ኮሌጅ በሁለተኛ ዲግሪ ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ወጣቶች፣ እውነተኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት እርስ በርሳቸው ይለማመዳሉ፤ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ እንደ ሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ይሆናሉ። በዚያ ሳምንት በከተማይቱ እጅግ የተከበረች መምህርት አንድ ተለማማጅ ብቻ ለመቀበል ተስማምታ ነበር። ከሠልጣኞቹ አንዷ ብሪታ ቦታውን አጥብቃ ትሻው ነበር፤ አሠልጣኛቸው ፕሮፌሰር ሃልቮርሰን ግን ዘወትር የሚያመሰግኑት ሌላዋን ሠልጣኝ፣ ማሪትን ነው። ይህም ምስጋና ብሪታን እንቅልፍ ይነሣት ነበር።

ማሪት ክፍልፋይ ለማስተማር በቆመች ጊዜ፣ ብሪታ ረባሽ ተማሪ ልትሆን መርጣ ከኋላ ተቀመጠች።

«ቲቸር፣ ይሄ ምን ይጠቅመናል? ደግሞ ድምፅሽ ያስተኛል!» ብላ እግሯን ጠረጴዛው ላይ ሰቀለች።

«ኧረ ብሪታ፣ አበዛሽው!» አለ አንዱ እየሳቀ።

ማሪት አልተቆጣችም። ለሌሎቹ ሥራ ሰጥታ ከብሪታ አጠገብ በርከክ አለችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዛሬ የከፋሽ ነገር አለ መሰለኝ፤ ምን ልርዳሽ የኔ ቆንጆ?» አለቻት።

ብሪታ እግሯን አወረደች፤ ዓይኗ ያቀረረው እንባ የልምምዱ አልነበረም።

ፕሮፌሰሩ ተነሡ። «እስካሁን ማንን እንደምልክ አልቆረጥኩም ነበር። ማሪት፣ ሰኞ አንቺ ትሄጃለሽ። ብሪታ፣ አንቺንም አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ያለ ረባሽ ባናገኝ ችሎታዋን በምን እናይ ነበር?»

ሁሉም አጨበጨቡ። ምቀኝነት በገዛ እጁ ለባላንጣው መሰላል ቢያቀብልም አይማርም፤ ብሪታም እያጨበጨበች በልቧ፣ «ድምፅዋ ግን እውነትም ያስተኛል» ትል ነበር።