ያልረጠበው ገመድ

ብሪን ሦስተኛው ፏፏቴ ሥር ስትገለበጥ እኔ ዳር ያለው ቋጥኝ ላይ ቆሜ ነበር። ነጠላ ጀልባዋ ባዶዋን ወጣች። ብሪን ግን ውሃው ወደ ኋላ በሚጠቀለልበት ቦታ ሁለቴ ብቅ ብላ ሁለቴ ሰመጠች። በመጨረሻ ውሃው ራሱ ተፋት፤ ከታች የነበረው ሽማግሌው ቱሊ በትከሻዋ ይዞ አወጣት። ብትሰምጥ የሚወረወርላትን ገመድ ይዞ ፏፏቴው አጠገብ እንዲጠብቃት የተመደበው ዌስ ነበር። ከቆምኩበት የሚታየኝ ጀርባው ብቻ ነው።

መኪኖቹ ጋ ስንደርስ ከንፈሯ ጠቁሯል። በካሮላይና ተራሮች ከጀልባው ወጥቶ የዋኘ ቀዛፊ ከጫማ ቢራ ይጠጣል፤ ሕጉ ነው። ባለቤቴ ሃርላን ሁለት ጊዜ ጠጥቷል። ያኔ እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ዌስ ከሚያዝያ ጀምሮ ያልታጠበ የላስቲክ ጫማውን አውልቆ ቢራ ሞላበት። ግራጫ አረፋው ላይ አሸዋና የተላጠ የእግር ቆዳ ተንሳፈፈ። ጠረኑ እኔ ዘንድ ደረሰ።

«በይ ጀግናዬ፣ ባንድ ትንፋሽ!»

«ነገ ትልቁ ፏፏቴ ላይ ማነው ገመድ የሚይዝልኝ?» አለች ብሪን፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ።

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለሽ?»

«ዛሬስ የት ነበርክ?»

«ወረወርኩልሽ እኮ። አልያዝሽውም።»

ሃርላን ከዚሁ ወንዝ ሳይመለስ የቀረ ዕለት፣ ዌስ ደጄ ላይ ቆሞ ይህንኑ ቃል በዚሁ ድምፅ ነግሮኛል። «ወረወርኩለት፤ አልያዘውም።» አመስግኜው ሾርባ አቀረብኩለት። ሁለት ሳህን በላ።

የገመዱን ከረጢት ከዌስ መኪና አነሳሁ። ድርቅ ያለ ነው።

«ብሪን፣ ንኪው እስቲ።»

እጇን እስከ ክርኗ ከተተች።

«ፀሐይ አድርቆት ይሆናላ፣ ወይዘሮ ኦዴል» አለ ዌስ።

ከጠዋት ጀምሮ ጭጋግ ነበር።

«ስልክህን አምጣ» አለችው ብሪን።

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«አምጣ አልኩህ!»

የቆሙት ቀዛፊዎች ሁሉ ዌስን እያዩት ስለነበር ሰጣት። የቀረጸውን ቪዲዮ ስትከፍት እኔም በትከሻዋ በኩል አየሁ። ትሰምጣለች፣ ትወጣለች፣ ትሰምጣለች። ምስሉ አንዴ እንኳ አይነቃነቅም፤ ስልኩን በሁለት እጁ ነበር የያዘው። ከውሃው ጩኸት በላይ ሳቁ ይሰማል። «እዩልኝ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ገባች!»

 

ብሪን ስልኩን መለሰችለት። ሄዳ ጀልባዋን ከዌስ መኪና ጣሪያ ትፈታ ጀመር። ቱሊ ሌላውን ጫፍ ያዘላት፤ የእኔ መኪና ላይ ጫኗት።

«ኧረ ሕጉስ?» አለ ዌስ፣ ጫማውን እንደያዘ። «እንዲህማ አይሆንም! ቱሊ፣ ንገራት እንጂ!»

«ነገ ገመዱን የምይዘው እኔ ነኝ» አለው ቱሊ። «አንተ ብትመጣም ባትመጣም ግድ የለም።»

ዌስ ስልኩን ኪሱ ሊከት ሲል እጁን ያዝኩት።

«ሃርላንንም ቀርጸኸው ነበር?»

ቢራውን ደፋ። እርጥቡን ጫማ ሊያጠልቅ ጎንበስ አለና፣ «ቪዲዮውን እኮ አጥፍቼዋለሁ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።