ከቅጥሩ ውስጥ

ፍኖተ ሰላም ላይ ባቡር የለም፤ ኖሮም አያውቅ። ገነነ ቤት ግን አለ። አልጋ በሚያህል ችፑድ ላይ ሐዲድ ተዘርግቶ፣ ባትሪ ሲገባለት እየተንጫጫ የሚዞር፣ አራት ፉርጎ የሚጎትት፣ ከክንድ የማይረዝም ባቡር። ጡረታ ሲወጣ አንድ ፈረንሳዊ መካኒክ የሰጠው ነው። የቡሬ ገበሬ ልጅ ሆኖ ሠላሳ ዓመት በድሬዳዋው መስመር ፍሬን ይዞ የኖረ ሰው፣ አገሩ ሲገባ በሬ ይገዛል ብለው ሲጠብቁት ችፑድ ገዛ። ሰፈርተኛው ምን ያላለው አለ! «ቆላው ናላውን አዞረው» አሉ።

ሚስቱ እማዋይሽ ግን አንድ ቀን ስቃበት አታውቅም። ገነነ በችፑዱ ላይ የሠራው አንዲት ትንሽ ጣቢያ ነው፤ ወጣት ሳሉ ሁለቱ የኖሩባት የበረሃ ጣቢያ። የውኃ ጋኑ አለ፤ የሠራተኞቹ ቤቶች አሉ፤ ከሽቦ የተጠማዘዘ ግራር እንኳ ከሐዲዱ ዳር ቆሟል። አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ነው።

«ሁሉን ሠርተው ቤተ ክርስቲያኗን ተዉዋት» ትለዋለች በየጊዜው።

«ዕቃ የለማ፣ እማዋይ!»

በ2002 ዓ.ም. ጥር ላይ ይኸ ምክንያት አለቀ። ሰልባጅ ነጋዴው ከድር ከቦንዳ ውስጥ ያገኘውን ካርቶን ይዞ መጣ። ክዳኑ ላይ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ተሥሏል፤ ውስጡ ተገጣጥሞ የሚሠራ የፕላስቲክ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ በርና አጥር ነው። «ጋሽ ገነነ፣ ይኸ ለርስዎ ባቡር የታዘዘ ነው» አለና ያለ ዋጋ ሰጠው። እማዋይሽ መረቀችው። ገነነ ካርቶኑን ታቅፎ ቀረ።

ሳምንት ሙሉ በምላጭ ሲቆርጥ፣ በማስቲሽ ሲያጣብቅ ከረመ። እማዋይሽ አጠገቡ ቁጭ ብላ ታዝዛለች።

«ይኸ ማማ ምንድን ነው? ዝንጀሮ ሊጠብቁበት ነው?»

«የፈረንጅ ደወል ቤት ነው።»

«የኛዋ ማማ አልነበራትም።»

ቆረጠው።

«የሴቶቹስ በር የታል? በየት ልገባ ነው?»

እውነቷን ነው፤ ፈረንጁ የሠራው አንድ በር ብቻ ነበር። ገነነ በደቡብ በኩል ግድግዳውን በስቶ የሴቶች በር አወጣ። በመጨረሻ አጥሩን ዙሪያውን አቆመና በማስቲሽ አጣበቀው። ያን ጊዜ እማዋይሽ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ አንዲት ነጭ ጠጠር አወጣች። ከላህ ወንዝ ለቅማት ከያዘቻት ቆይታለች።

«እንግዲህ የያምሮትን ቦታ ያሳዩኝ» አለችው።

ያምሮት ልጃቸው ናት፤ ሌላ እግዜር አልሰጣቸውም። በ1968 ዓ.ም. ለክርስትናዋ፣ ለሰማንያ ቀኗ፣ ሦስት ቀን ሲቀራት ትኩሳት ጣላት። እናቲቱ አራስ ናት፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አትገባም። ስለዚህ ገነነ ብቻውን ሕፃኗን ታቅፎ፣ ሳትሞት ትጠመቅ ብሎ ወደ ቄሱ ሮጠ። ባዶ እጁን ሲመለስ እማዋይሽ ስለ ሞቷ አልጠየቀችውም፤ ገብቷታል። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ክርስትና ተነሣች?»

«ተነሥታለች። ወለተ ሥላሴ ተብላ፣ ከቅጥሩ ውስጥ ነው ያረፈችው» አላት።

በሳምንቱ ወደ ድሬዳዋ ተዛወሩ። መቃብሩን ልይ ባለች ቁጥር «ባቡሩ እዚያ አይቆምም» ይላታል። እሷም በዚያች ቃል ኖረች። ከቅጥሩ ውስጥ ናት፤ ተመስገን።

ገነነ ጠጠሯን ተቀበለ። ከሴቶቹ በር ፊት ለፊት ጣል ቢያደርጋት ነገሩ አለቀ፤ ማን ያውቅበታል? እጁ ግን እምቢ አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ያደረ እውነት ሲጠራ ዓይን ያጠፋል እንጂ። አጥሩን አሳለፈ፣ ሐዲዱንም አሳለፈ፣ ጠጠሯን ከሽቦው ግራር ሥር አኖራት።

«ኧረ ተሳሳቱ!» አለች እማዋይሽ ፈገግ ብላ። «ዓይንዎ ደከመ መሰለኝ። ከቅጥሩ ውጪ እኮ ነው።»

«አልተሳሳትሁም።»

«ምን አሉ?»

«አልደረስሁም፣ እማዋይ። ቄሱ ደጅ ስደርስ ቀዝቅዛ ነበር። ያልተጠመቀ ከቅጥር አይገባም አሉኝ፤ ሥርዓቱ ነው። በእጄ ነው የቆፈርሁላት።»

«ወለተ ሥላሴስ?»

«ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁት። ሐዲድ ለሐዲድ ስመለስ።»

«አንተ!» አለችው።

በአርባ ዓመት ትዳራቸው አንድ ቀን አንተ ብላው አታውቅም።

«አንተ! ‹ወለተ ሥላሴን አስብልኝ› እያልሁ ግንባሬን መሬት ሳስነካ አጠገቤ ቆመህ አሜን ትል የነበርህ? ልጄን ከመንገድ ዳር ጥለህ ባቡር ስትነዳባት የኖርህ?»

«ፍሬን እይዝ ነበር» አለ ገነነ። እንባው ጢሙን አርሶታል። «እዚያ በደረስሁ ቁጥር ፍሬን እይዝ ነበር። ቀስ ብሎ እንዲያልፍ፣ እንዳይነቀንቃት። ሹፌሩ ይሰድበኝ ነበር።»

እማዋይሽ ተነሥታ ወጣች። ሦስት ቀን አላናገረችውም። ምሳውን ታቀርብለትና ጀርባዋን ትሰጠዋለች። ገነነ መብላቱንም ተወው፤ ባቡሩንም አልነካው።

እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ከችፑዱ ፊት ተቀመጠች። ምላጩን አነሣችና የደረቀውን አጥር ከሥሩ መፈንቀል ጀመረች። ገነነ ልታፈርሰው መሰለው። ታፍርሰው፤ መብቷ ነው።

«ማስቲሹን ያምጡ» አለችው።

አመጣላት። እማዋይሽ አጥሩን እየጎተተች ሐዲዱን አሻገረችው፤ ከግራሩም ማዶ አቆመችው። አልበቃም፤ በአንድ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ገነነ የቆረጠውን ማማ ከካርቶኑ ፈልጎ አወጣና ሰጣት፤ በዚያ ደፈነችው። ጠጠሯ ከቅጥሩ ውስጥ ሆነች።

«ዛሬ በምን ስም አሰብሻት?» አላት ገነነ፣ እየፈራ።

«በዚያው ነዋ። አባቷ ያወጣላት ስም አይደል?»

ገነነ ከአጥሩ ሥር የተረፈውን ማስቲሽ በጣቱ ጠረገ። ቆይቶ አጥሩ ሐዲዱን በሁለት ቦታ እንደ ዘጋው አየ።

«ባቡሩ እኮ ማለፊያ አጣ፣ እማዋይ።»

«ስንት ዓመት አለፈባት! አሁንስ ይቁምላት።»

ገነነ ባቡሩን አነሣና ባትሪውን አወጣለት።